ለጋሽ ዘለቀ ብድግ ያልን ዕለት

ብድግ ማለት ማለት፣ የተቀመጠ ሰው ከእሱ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ሲገባ መቀመጫውን ከወንበሩ ማላቀቁ ነው። ሙሉ በሙሉ መቆም ግዴታ አይደለም። ጉልበት እንደታጠፈ፣ ወገብ ጎንበስ እንዳለ፣ በመቀመጥና በመቆም መካከል ለአፍታ መንጠልጠል ይበቃል። የገባው ሰው «ኧረ በሞቴ ተቀመጡ» ይላል፤ የተነሳው «ኧረ ይሁን» ይላል፤ ከዚያ ሁለቱም ወገኖች ግዴታቸውን በሚገባ ተወጥተው ይቀመጣሉ። በእጅ የተያዘ ነገር ምን እንደሚደረግ ግን ደንቡ አንዳች አይናገርም። ሹካ የያዘ ከነሹካው፣ ሕፃን ያቀፈ ከነሕፃኑ ይነሳል። ካርድ የያዘስ? ይህ ጥያቄ በእኛ ሰፈር እስካለፈው ክረምት ድረስ ተነስቶ አያውቅም ነበር።

ካርድ ስል የቁማር ካርታ እንዳይመስላችሁ። ቀራንዮ ካለ አንድ ጁስ ቤት ፎቅ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰብን የምንጫወተው ሥዕልና ጽሑፍ ያለበት ካርድ ነው። እያንዳንዱ ካርድ አንድ ፍጥረት ወይም አንድ ተንኮል ይዟል። ተጫዋቹ ካሉት ካርዶች መርጦ የራሱን ጦር አዘጋጅቶ ይመጣል፤ በእጁ የያዛቸውን ተጋጣሚው ማየት የለበትም። በአጭሩ ይኸው ነው። በረጅሙ እንዲነገረው የሚፈልግ ሰው ቢንያምን ይጠይቅና ቅዳሜውን ይሰዋ።

የጁስ ቤቱ ባለቤት መጀመሪያ ቁማርተኞች መስለናት ነበር። ቆይታ ግን ሰዓቱን አስይዞ የሚሄድ ሰው ስላላየች፣ ደግሞም አውሬና ዘንዶ ሲጠራ ስለምትሰማ፣ ስለ ዓለም ፍጻሜ የሚመክር የጸሎት ቡድን አድርጋ ተቀበለችን። እኛም አላረምናትም። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። ወደዚህ ነገር የገባሁት ክፍል ውስጥ ከአንድ ተማሪ የቀማሁት ካርድ ላይ የተጻፈውን ካነበብኩ በኋላ ነው። ካርዱን መልሻለሁ፤ እኔ ግን አልተመለስኩም። ከሁሉም ስለምበልጥ «ቲቸር» እያሉ ያከብሩኛል፤ ከዚያ ያሸንፉኛል።

በዓመት አንድ ጊዜ የየሰፈሩ ቡድኖች ቦሌ ላይ ይጋጠማሉ፤ ከየሰፈሩ የሚሄደው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያንን ቦታ ከሁላችን አብልጣ የምትፈልገው ሜሮን ነበረች። ሜሮን ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ዓመት ከዓመት ለፍጻሜ ትደርስና እዚያ ትቀራለች። ዘንድሮ ሌሎች አይረባም ብለው የጣሏቸውን ካርዶች ለቅማ አንድ ትዕግሥተኛ ጦር ሠራች። ፍጥረቶቿ ትንንሽ ናቸው፤ አንዱ ሲሞት ነው የቀሩት ተሰብስበው የሚበረቱት። ቢንያም «የዕድር ጦር» ብሎ ሰየመላት። እሷም ስሙን ወደደችው፤ በየሳምንቱ ስታሸንፍ ተሸናፊውን «ነፍስ ይማር» እያለች ትሸኘው ጀመር። እኔንም በግማሽ ፍጻሜው በዚሁ ቃል ሸኝታኝ፣ ከሌላው ተሸናፊ ጋር ተጋጥሜ ሦስተኛ ወጣሁ።

ለፍጻሜው ከእሷ ጋር የቀረው ራሱ ቢንያም ነበር። ቢንያም የመኪና መለዋወጫ ይነግዳል፤ በካርድም ቢሆን ትልልቅ ነገር ይወዳል። መመኪያው አንድ ዘንዶ ነው። ዘንዶው ከወጣ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል፤ ቢንያምም ሲያወጣው ድምፁን ያጎረንናል።

ዳኛ ያስፈልግ ነበር። ከእኛ ማንም ቢዳኝ የአንዳቸው ወዳጅ ነው። ስለዚህ ሥራ ፈት የሆንኩት ሦስተኛው ሰው ገለልተኛ ዳኛ እንድፈልግ ታዘዝኩ። እኔም ማንን ላስብ? ጋሽ ዘለቀን አሰብኩ። ጋሽ ዘለቀ ጎረቤቴ የሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ በሰፈራችን ተጣልቶ በእሳቸው ያልታረቀ ባልና ሚስት ቢኖር ገና አዲስ ገቢ ነው። ስደውልላቸው መጀመሪያ ገንዘብ ይያዝበት እንደሆነ ጠየቁኝ። አይያዝበትም አልኳቸው። ጥንቆላ ነገር እንዳለበት ጠየቁኝ። ሥዕል ብቻ ነው አልኳቸው። «ታዲያ ምን አጣላቸው?» አሉ። ገና አልተጣሉም አልኳቸው። «እኔ ስመጣ ነው እንዴ የሚጣሉት?» አሉኝ። ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም።

በቀጠሮው ቀን ጋሽ ዘለቀ ጦር ኃይሎች ላይ ታክሲ አጥተው ቆሙ፤ ፍጻሜው ያለ ዳኛ ተጀመረ። እየተጋጋለ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ደረሰ። ተራው የሜሮን ነው። ያላትን ጦር ሁሉ አስነስታ ብትዘምት፣ ቢንያም በእጁ ትልቅ ነገር ከሌለው እዚያው ያበቃለታል። ዘንዶውን ይዞ ከሆነ ግን የሚያበቃላት ለእሷ ነው። ሌላው አማራጭ አንድ የወጥመድ ካርድ በግንባሩ ደፍታ መጠበቅ ነበር፤ ዘንዶው ካለ ራሱ መጥቶ ይገባበታል፤ ከሌለ ደግሞ ዕድሏን አባከነች። እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነው፤ ቢንያም ዘንዶውን ይዟል ወይስ አልያዘም? ሜሮን አገጯን በመዳፏ ደግፋ ታስባለች። ቢንያም ተረጋግታ እንድታስብ፣ ፋርማሲው ዛሬ ዝግ እንደሆነ ይነግራታል። እሷም «የአንተን መድኃኒት እየቀመምኩ ነው» ትለዋለች።

በዚህ መካከል በሩ ተከፈተና ጋሽ ዘለቀ ገቡ።

«ኖር» አልን በአንድ ድምፅ። ክፍሉ በሙሉ ብድግ አለ። ቢንያም ደግሞ የጨዋ ልጅ ነው፤ መነሳት ብቻ ሳይሆን ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ጎንበስ ሲል በእጁ የነበሩት ካርዶች እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው፣ ፊታቸውን ወደ ሜሮን አዞሩ። ጋሽ ዘለቀ «በሞቴ ተቀመጡ» አሉ። ተቀመጥን። ሜሮን ወጥመዷን ደፍታ ተራዋን ጨረሰች። ቢንያም ድምፁን አጎርንኖ ዘንዶውን አወጣ። ዘንዶው ወጥመዱ ውስጥ ገባ። ሜሮን ቀስ ብላ «ነፍስ ይማር» አለች።

ቢንያም ግን፣ ቅድም ስንነሳ ካርዶቼን አይታለች አለ። ሜሮን የዚያን ጊዜ የምታየው ጋሼን እንደነበር ተናገረች። የቢንያም ወዳጆች ጨዋታው ይደገም አሉ፤ የሜሮን ወዳጆች በገዛ እጁ ያሳየ ይቻለው አሉ። ሁሉም ወደ ዳኛው ዞረ።

ጋሽ ዘለቀ ካፖርታቸውን አውልቀው ተቀመጡና ነገሩ ከሥሩ እንዲነገራቸው ጠየቁ። ካርዱ የታየው ምን ስታደርጉ ነው? ስንነሳ ነው አለ ቢንያም። ለምን ተነሳችሁ?

ከታች የጁስ መፍጫው ሲጮህ ይሰማል። በዚህ አገር ለአንድ ሽማግሌ «በእርስዎ ምክንያት ነው» የሚል ሰው አልተወለደም፤ ቢወለድም ቀራንዮ አያድግም። ቢንያም ወለሉን እያየ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አያያዜ ነው አለ። ሜሮን እንዴት ከእሱ ታንሳለች? የለም ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ዓይኔን መስበር ነበረብኝ አለች። ቢንያም አልተቀበለም፤ ካርዶቹን ደፍቶ መነሳት ነበረበት። እሷም ሰው እስኪገባ ድረስ ተራዋን ማጓተት አልነበረባትም። እንዲህ ያለ የተመጣጠነ ግጥሚያ በዚያ ፎቅ ላይ አይቼ አላውቅም። ጋሽ ዘለቀ ፊታቸው በራ። በሽምግልና ዘመናቸው ሁለት ጥፋተኞች እንዲህ ሳይለመኑ ሲያምኑ ማየታቸው የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

እኔ የጨዋታው ደንብ በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን እንደሚል ላስረዳ ጀምሬ ነበር። «ልጄ፣ ደንቡ ቢበቃችሁ እኔን አትጠራም ነበር» አሉኝና ፍርዳቸውን ሰጡ። ሁለቱም በገዛ አፋቸው ጥፋታቸውን አምነዋል። ያጠፋ ሰው ሰፈር ወክሎ አይሄድም። ይቅር ተባብለው አብረው ይቅሩ፤ ያላጠፋው ይሂድ። «ከእነሱ ቀጥሎ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሰው ሁሉ እኔን አየ።

ቢንያምና ሜሮን ተቃቀፉ። ጋሽ ዘለቀ መርቀውን የአቮካዶ ጁሳቸውን ጠጥተው ሄዱ። ለእሳቸውም ብድግ ብለን ሸኘናቸው፤ በዚህ ጊዜ ካርዱን ሁሉም ደፍቶ ነበር።

ከሜሮን ጋር በአንድ ታክሲ ተመለስን። ዘንዶውን አይታው እንደሆነ ጠየቅኋት። አይቼዋለሁ አለችኝ። ግን ሳታየውም ታውቀው ነበር፤ ቢንያም ሌሎቹን ካርዶች ሲያቀያይር አንዷን ከጥግ አያንቀሳቅሳትም፣ በአውራ ጣቱ ብቻ ይደባብሳታል። ጋሼ ሲገቡ እጇ ወጥመዱ ላይ ነበር። ታዲያ ለምን አልተናገርሽም አልኳት። «ምን ብዬ ልንገራቸው፣ ቲቸር? ለእርስዎ ባንነሳ ኖሮ አሸንፌ ነበር ልበላቸው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እስክንወርድ ድረስ በመስኮት ውጭ ውጭውን አየች። ፌርማታው ላይ ስንደርስ ከቦርሳዋ የዕድሩን ጦር አውጥታ ሰጠችኝ። «እኔ ካልሄድኩ እነሱ ይሂዱ» አለች። «ብቻ አይቸኩሉባቸው።»

ቦሌ ሄድኩ። በመጀመሪያው ዙር የገጠመኝ ጨዋ ወጣት ነበር። በጨዋታው መካከል መነጽሬን ከጃኬቴ ኪስ ላመጣ ሄጄ ስመለስ፣ ከነካርዶቹ ብድግ አለልኝ። በእጁ የያዛቸውን አንድ በአንድ አየኋቸው። በሞቴ ተቀመጥ አልኩት። ተቀመጠና አሸነፈኝ።