ድስት ያጣው ዓሣ

የተማረ ሰው በበዛበት ሰፈር ዓሣ ይሸታል እንጂ አይበላም!

ቆይ፣ አትቆጡ። እናንተም ተምራችኋል፣ እኔም ብሆን ፊደል ቆጥሬአለሁ። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ዓሣ ምንድነው? ... «ውሃ ውስጥ የሚኖር» አላችሁ አይደል? ጉማሬስ የት ነው የሚኖረው፣ ሰገነት ላይ? እኔም እስከ ሰሞኑ ድረስ እንደ እናንተ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለውን ተረት ስሰማም ወንዝ ዳር የተተረተ ይመስለኝ ነበር። ለካ አቃቂ፣ ባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ እኔ ግቢ ውስጥ ነው የተተረተው!

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቴ እማማ አስካለ ታመው ከገና ወዲህ እኛ ዘንድ ናቸው። ትንሽ ሻል ሲላቸው ሁዳዴ ገባ። እማማ አስካለ ሁዳዴን የሚጾሙት እንደ እኔና እንደ እናንተ አይደለም፤ ከወተት ጋር የደም ጠብ ያላቸው ነው የሚመስለው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምሱም። ከዘጠኝ በኋላ ደግሞ ሁለት ጉርሻ ሽሮ ቀምሰው «ተመስገን፣ ጠገብኩ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ክንዳቸው መቋሚያ አከለ። ሐኪሙ ሲያያቸው ራሱን ነቀነቀና «ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ ካላገኙ ፋሲካን ማየታቸውን እንጃ» አለን።

«በሁዳዴ? ሞቼ እገኛለሁ!» አሉ እማማ አስካለ።

«ሐኪሙም የፈራው እሱን እኮ ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን አለበት? ጾሜን ይዤ እሄዳለኋ!»

ባለቤቴ አልማዝ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። የንስሐ አባታችንን አስጠራን። አባ መጡና «የታመመ በጾም አይያዝም፤ ፈትቼሻለሁ» አሏቸው። እማማ አስካለ መስቀሉን ተሳልመው፣ «እርስዎ ይፍቱኝ፤ እኔ ግን አልፈታም» ብለው እርፍ!

እኔ ደግሞ ታውቁኛላችሁ፤ አገር ሽቅብ ሲል ቁልቁል ካላልኩ ቀኑ የዋለልኝ አይመስለኝም። «ዓሣ!» ብዬ ጮህኩ። በጾም ዓሣ የሚበላ ስንት ጿሚ አለ፤ የማይበላም እንደዚያው። ከጾሙም ከፍስኩም ወገን ዘመድ ያለው እንዲህ ያለ ፍጡር ከየት ይገኛል? ለሽምግልና የተፈጠረ ነው!

ጎረቤቴ ጋሽ ሽፈራው ባቡር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነው። ባቡሩ ሞጆ ሲቆም የቆቃ ዓሣ አጥማጆች መስኮት ለመስኮት እየዞሩ ይሸጣሉ። «አንድ ደህና ዓሣ አምጣልኝ» አልኩት። ዓርብ ረፋዱ ላይ የክንድ ያህል ዓሣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ ከራሱ አርቆ ይዞ መጣ።

«እንካ ተረከበኝ! ከሞጆ እስከ እዚህ መንገደኛው ሲረግመኝ ነው የመጣው። ላንተ ምግብ ይሁንልህ፤ ለእኛ ዓሣ ማለት መጨረሻው ፉርጎ ላይ የሚጫን ሽታ ነው።»

ይኸው፣ የመጀመሪያው ትርጉም።

ጆንያውን ይዤ እንደ ድል አድራጊ ጓዳ ገባሁ። አልማዝ ዓሣውን አየችው፤ ዓሣውም አያት። ከዚያ ወደ ድስቶቿ ዞረች። በእናንተም ቤት እንደሚሆነው፣ በእኛ ቤት ድስት ሁለት ወገን ነው፤ የጾምና የፍስክ። ሁዳዴ ሲገባ የፍስኩ ዕቃ ታጥቦ፣ ተፈግፍጎ ቆጥ ላይ ይሰቀላል። እስከ ፋሲካ እንኳን ሊነካ፣ ቀና ተብሎም አይታይ!

«በየትኛው ልሥራው?» አለች።

«በጾሙ ነዋ!»

«ይሄን ዓይኑን ያፈጠጠ ነገር በጾም ድስቴ? ከዚያ በኋላ እናቴ በዚያ ድስት የተሠራ ሽሮ የምትቀምስ ይመስልሃል? ያቺንም ሁለት ጉርሻ ልታስቀርብኝ ነው?»

«እንግዲያው የፍስኩን አውርጂው።»

«በፍስክ ድስት ከተሠራማ ፍስክ ሆነ! ለምን በሬ አርደህ አትገላገልም?»

ስንቱን ሊቅ በክርክር ዝም አሰኝቻለሁ ብዬ ስኩራራ የኖርኩ ሰው፣ ሚስቴ በሁለት ድስት መሃል አንቃ ያዘችኝ!

ድስቱን የሚወስነው እንግዲህ የዓሣው ምንነት ነው። ስለዚህ ተሳሳትኩ... ምሁራንን ጠራሁ። መምህር ደሳለኝ የእንስሳት ትምህርት አስተማሪ ነው፤ ባለ ልኳንዳው ቶሎሳ ደግሞ በሁዳዴ ሱቁን ዘግቶ ደጁ ላይ ዳማ ይጫወታል። ዓሣውን በሳፋ አድርጌ ግቢው መሃል አስቀመጥኩት። ጋሽ ሽፈራውም «ሳመጣው መንገደኛው ረገመኝ፤ አሁን ፍርዱን ልስማ» ብሎ በርጩማ ሳበ።

«ዓሣ ማለት» አለ መምህር ደሳለኝ፣ ጠመኔ የያዘ ይመስል ጣቱን አንስቶ፣ «በስንጥብ የሚተነፍስ፣ አከርካሪ ያለው፣ ደመ ቀዝቃዛ እንስሳ ነው።»

«ደም አለው አላለም?» አለች አልማዝ ከጓዳ።

«አለው፤ ግን ቀዝቃዛ ነው።»

«ቀዘቀዘም ሞቀም ደም ደም ነው! የጾም ድስቴን አላስነካም!»

«እስቲ ቆይ፣ አልሚ» አለ ቶሎሳ። ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ዓሣውን ገለበጠው። «ዕድሜዬን ሙሉ ሥጋ ቆርጫለሁ። ሥጋ ማለት ብልት ያለው ነው። ይሄ ሻኛው የት አለ? ሽንጡስ? ታላቅና ታናሹን አሳዩኝ እስቲ! የምሰቅልበት እንኳ የለውም እኮ። ይሄ ሥጋ ከሆነ እኔም ጳጳስ ነኝ!»

«ሳይንስ በሻኛ አይለካም» አለ መምህሩ።

«አንተ ራስህ አከርካሪ አለህ፤ ልኳንዳ ልስቀልህ?»

እኔም ዝም አልልም... ዓሣ ለኮከብ ቆጣሪ ሑት የሚባል ኮከብ እንደሆነ፣ ፈረንጅ መሐንዲስ ደግሞ ሁለት ሐዲድ የሚያያይዝበትን ጠፍጣፋ ብረት በዓሣ ስም እንደሚጠራው ጨመርኩበት። ጋሽ ሽፈራው «እና ሐዲዱም ፍስክ ነው በለን!» አለኝ።

በዚህ መሃል አባ በሽተኛዋን ሊጠይቁ ብቅ አሉ። ሁላችንም ተነስተን መስቀል ተሳለምንና ጥያቄውን ጫንንባቸው። አባ ወደ ሳፋው ጎንበስ አሉ።

«ለሚበላው ጾም ነው፤ ለማይበላው ፍስክ ነው» አሉ።

«አባ፣ ይሄ መልስ ነው?»

«አይደለም፣ ልጄ። ቡራኬ ነው» ብለው ወደ በሽተኛዋ ገቡ።

ፀሐይዋ በረታች። ዓሣው ጋሽ ሽፈራው ያለውን መምሰል ጀመረ። የሰፈሩ ድመቶች ያለ አንዳች የትርጉም ልዩነት አጥሩ ላይ ተሰለፉ። ይህን ጊዜ አልማዝ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች።

«እናንተ ስትፈላሰፉ ዓሣው ሊበላሽ ነው! እናቴ ትናንት አንድ ጉርሻ ብቻ ነው የቀመሰችው፤ አንድ! እኔ ድስት የለኝም። ያለ ድስት የሚያበስል ወንድ ካለ ያብስል!»

ወደ ሰማይ አንጋጠጥኩ። ሰማይ ከማየቴ በፊት ግን ጣራዬን አየሁት። የአቃቂ ነፋስ ቆርቆሮዬን እንዳይወስደው ከላይ የጫንኳቸው ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች አሉ። ምን መሰሏችሁ? ያ ስሙ ዓሣ የሆነው የሐዲድ ማያያዣ! አርጅቶ ሲለወጥ ጋሽ ሽፈራው ያመጣልኝ ነው። ጾም ሲገባ ጣራ ላይ፣ ጾም ሲወጣ ጣራ ላይ! ቅቤ አያውቅ፣ ሽሮ አያውቅ!

ወጣሁ፤ አወረድኩ። በአመድና በአሸዋ ፈገፈግኩ። አልማዝ ቢላዋንም ስለከለከለችኝ የዓሣውን ቅርፊት በቲማቲም ቆርቆሮ ክዳን ፋቅሁት። ቅርፊቱ ፂሜ ላይ፣ ቅንድቤ ላይ እየተለጠፈ ፀሐይ ላይ አብለጨለጨኝ። «አሁን አንተ ራስህ የየትኛው ድስት ነህ?» አለኝ ቶሎሳ። የዓሣውን ሆድ መምህሩ በዚያው ክዳን ከፈተልኝ፤ የምር ተምሯል፣ አልዋሽም። ብረቶቹን ፍም ላይ ጎን ለጎን አጋድሜ፣ ዓሣውን በጨው ብቻ አሽቼ ጣል ሳደርገው... ወገኖቼ! ያ መዓዛ! ትርጉም ቆመ።

ሳህን መጠየቅ ሌላ ጦርነት ስለሆነ ከጎረቤት ጓሮ በተቆረጠ የኮባ ቅጠል ላይ አድርጌ ገባሁ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሁሉም ተከትሎኝ በር ላይ ተደረደረ። እማማ አስካለ ትራሳቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ለካ የግቢውን ክርክር አንድ በአንድ ሲሰሙ ነው የዋሉት።

«ድስት ነክቶታል?» አሉኝ።

«አልነካውም፣ እማማ።»

«ዘይት? ሽንኩርት? በርበሬ?»

«ጨው ብቻ።»

አባን ዞር ብለው አዩዋቸው፤ አባ ጣራ ጣራውን ያያሉ።

«እንግዲያው ይሄ ምግብ አይደለም» አሉ እማማ አስካለ። «ምግብ ድስት ያውቃል። ድስት ሳያውቅ፣ ወጥ ሳይሆን፣ በቅጠል የሚመጣ መድኃኒት ነው። ኮሶም እንዲሁ ነው። መድኃኒት ደግሞ ጾም አይሽርም።»

አማተቡ። አፍንጫቸውን በሁለት ጣት ያዙና የመጀመሪያዋን ቁራሽ ዋጡ። ሁለተኛዋን አፍንጫቸውን ለቀው ነው። ሦስተኛዋ ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይመራል፣ እማማ?» አልኳቸው።

«መድኃኒት መቼ ጣፍጦ ያውቃል፣ ልጄ!» አሉኝ፣ ጣታቸውን እየላሱ።

አልማዝ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። እኔም ሆዬ በደስታ መሃል እጄን ሰደድ ሳደርግ... ጧ! መቋሚያ ባከለው ክንድ እንዲህ ይመታል ብዬ አልጠበቅኩም።

«የሰው መድኃኒት ይቀመሳል? ነውረኛ!»

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ሽፈራው ሞጆ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር ጆንያውን ያመጣል። እማማ አስካለ ጉንጫቸው ሞላ፤ ቆመው መሄድ፣ መቆጣት፣ ማዘዝ ጀመሩ። ብረቶቹ «የመድኃኒት ዕቃ» ስለሆኑ ወደ ጣራ መመለስ ተከለከሉ፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮዬ ከበሮ ይመታል።

የሚገርማችሁ ግን የሰፈሩ ጤና ነው። መጀመሪያ ቶሎሳ ወገቡን ይዞ መጣ። «እማማ፣ ይሄ በሁዳዴ ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ወገቤን...» እማማ አስካለ ጀርባውን ዳበስ አድርገው ቁራሽ አዘዙለት። በማግስቱ መምህር ደሳለኝ ደብተር ማረም ዓይኑን እንዳፈዘዘው ተናገረ። ጋሽ ሽፈራው፣ ያ በዓሣው ሽታ የተማረረው ሰውዬ፣ የባቡሩ መንገጫገጭ ደረቱን እንደሚወጋው አስታወሰ። አባ ሳይቀሩ «እርጅና ራሱ ምን ሊባል ነው፣ ሕመም አይደለም?» አሉ ይባላል። በጥቂት ቀን ውስጥ በሰፈራችን ጤነኛ ጠፋ!

ትናንት እኔም ሁለት ጊዜ ሳል አልኩና፣ ደረቴን ደግፌ ብረቱ አጠገብ ተጠጋሁ።

«እማማ፣ እኔን ደግሞ ሰሞኑን...»

ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኙኝ።

«አንተን? ከጠዋት እስከ ማታ ስትከራከር የምትውለውን? ይህን ያህል የሚናገር ሰው ምንም አላመመው» አሉና ወደ ጓዳ ተጣሩ። «አልማዝ! ለዚህ ጤነኛ ሽሮውን አቅርቢለት!»