ሲደርስ ጥሩኝ

መልከ ጼዴቅ፦ ለመሞቂያ ነው አልኩህ እኮ።

ያርጋል፦ ጠረጴዛው መሃል?

መልከ ጼዴቅ፦ የት እንዲሆን ፈለግህ? እኛ ከእግራችን ስር እናስቀምጠውና እግራችን ይለበለባል፣ እጃችን ይደርቃል። ኮሪያዎች አሰቡበት። ጠረጴዛውን ቀደው እሳቱን እስከ ደረትህ አመጡልህ። ዘርጋ እጅህን።

ያርጋል፦ (እየዘረጋ) ላዩ ላይ ያለው ሽቦስ?

መልከ ጼዴቅ፦ ጋቢህ እንዳይቃጠል።

(ያርጋል ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰበሰበ። ሽቦውን አየ፤ እሳቱን አየ፤ መልከ ጼዴቅን አየ። ሦስቱም አልተስማሙለትም።)

የጥር ቅዳሜ ነው። ከስሜን ተራራ የሚወርደው ነፋስ የደባርቅን ቆርቆሮ ያንኳኳል። ሁለቱ ሰዎች ከዳባት በሚኒባስ የመጡት አረጋሽ ከመስቀል ወዲህ በከፈተችው የኮሪያ ጥብስ ቤት ምሳ ሊበሉ ነው። አረጋሽ ብዙ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ኮሪያዊ ቤተሰብ ወጥ ሠሪ ነበረች። ባሏ ከሞተ በኋላ ወደ አገሯ ተመለሰችና፣ ተራራ ለሚወጣው እንግዳ ይሆናል ብላ ቤቱን ከፈተች።

ምሳው ግን ምክንያት ነው። መልከ ጼዴቅ አረጋሽን ማግባት ይፈልጋል። ዳባት ውስጥ ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ሚስቱ ካረፈች አራት ዓመት አልፏል። ቤቱ ዝም ካለ ወዲህ እሱ ዝም ማለት አቅቶታል። ያገኘውን ሰው ሁሉ ያስረዳል፤ የሚያውቀውን ያስረዳል፣ የማያውቀውን ደግሞ የበለጠ ያስረዳል። ትዳርን ግን ራሱ አይጠይቅም፤ ሽማግሌ ነው የሚላከው። ለዚያ ደግሞ ከያርጋል ሌላ ሰው ሊታየው አልቻለም። ያርጋል የሟች ሚስቱ ወንድም ነው። ያኔ «እህቴን ውሰዳት፣ ደግ ሰው ነህ» ያለው እሱ ነበር። ሁለተኛዋንም በዚያው አፍ ካላስጠየቀ፣ ሰርቆ የወሰዳት ይመስለዋል።

ደጃፉ ላይ አረጋሽ ራሷ ነበረች የተቀበለቻቸው። ስለ ዳባት ብርድ ጠየቀቻቸው፤ እሳት ያለበት ጠረጴዛ አስያዘቻቸው። ወደ ማድ ቤት ስትመለስ ዘወር ብላ «ሥጋው ሲደርስ ጥሩኝ፤ አብሬያችሁ እቀመጣለሁ» አለች።

መልከ ጼዴቅ፦ ሰማሃት? አብሬያችሁ እቀመጣለሁ ነው ያለችው። እንደ ተቀመጠች ትጀምራለህ።

ያርጋል፦ እሱን ነገር ልነግርህ ፈልጌ ነበር። ባለፈው…

መልከ ጼዴቅ፦ ባለፈው ያልኩህን እርሳው፣ አሻሽዬዋለሁ። መጀመሪያ ጉሮሮህን ትጠርጋለህ። ከዚያ ስለ አየሩ ትናገራለህ። ከዚያ ስለ እኔ።

ያርጋል፦ ስለ አየሩ ምን ብዬ?

መልከ ጼዴቅ፦ ይበርዳል በላት።

ያርጋል፦ እሷም እኮ የምትኖረው እዚሁ ነው።

መልከ ጼዴቅ፦ መንደርደሪያ ነው፣ ያርጋል። ሰው ዝም ብሎ ዘሎ ሚስት አይጠይቅም።

(አስተናጋጇ ትልቅ ትሪ ይዛ መጣች። ስስ ሆኖ የተቆረጠ ጥሬ የበሬ ሥጋ፣ የሰላጣ ቅጠል፣ በርበሬ የጠጣ ጎመን፣ በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ቀይ ማባያ፣ አንድ መቀስና አራት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ደረደረች። «ላሳያችሁ?» አለች። መልከ ጼዴቅ እጁን አነሳ። «እናውቃለን፣ እናመሰግናለን» አላት።)

መልከ ጼዴቅ ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ በሄደ ጊዜ፣ በአንድ የኮሪያ ምግብ ቤት ደጃፍ አልፎ ያውቃል። በመስኮት አየ፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ አነበበ፤ ሄደ። ታሪኩን እየደጋገመ ሲያወራው ግን በመጀመሪያው ዓመት በሩን ከፍቶ ገባ፣ በሁለተኛው ተቀመጠ፣ በሦስተኛው ጠግቦ በልቶ ወጣ።

ያርጋል፦ (ዘንጎቹን እያገላበጠ) ወስፌ ነው። ስፌት አለ እንዴ ከምሳ በኋላ?

መልከ ጼዴቅ፦ መብያ ነው። ሥጋውን ትወጋበታለህ።

ያርጋል፦ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ነው ያመጣችው።

መልከ ጼዴቅ፦ አንዱ ቢወድቅብህ ነዋ።

ያርጋል፦ መቀሱስ?

መልከ ጼዴቅ፦ (ትንሽ አስቦ) ቤቱ አዲስ አይደል? ሲመረቅ ሪባን የቆረጡበት ነው። ሳያነሱት ረስተውት ነው።

ያርጋል፦ ከመስቀል ጀምሮ?

መልከ ጼዴቅ፦ ሥራ ሲበዛ ይረሳል።

ያርጋል፦ ቅጠሉስ? ወጥ የለው፣ ዘይት የለው።

መልከ ጼዴቅ፦ እሱ ሶፍት ነው። ተፈጥሮ ይወዳሉ፤ ወረቀት አያባክኑም። እንዲህ።

(አንድ የሰላጣ ቅጠል አንስቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገና አጣጥፎ ከጎኑ አስቀመጠው። ያርጋል በአድናቆት አየው፤ እሱ ግን ጋቢው ላይ ጠረገ።)

መልከ ጼዴቅ፦ በል እንግዲህ ሥጋው ደርሷል። እንጥራት። (ወደ ማድ ቤት) አረጋሽ፣ ደርሷል።

(አረጋሽ ከማድ ቤቱ በር አንገቷን አስግጋ ጠረጴዛቸውን አየች።)

አረጋሽ፦ ገና አልደረሰም መምህር። ምን አስቸኮለዎት?

(ተመልሳ ገባች። መልከ ጼዴቅ እጁ በአየር ላይ ቀረ።)

መልከ ጼዴቅ፦ ምን አለች?

ያርጋል፦ አልደረሰም።

መልከ ጼዴቅ፦ ይኸው ፊታችን አይደለም እንዴ ያለው? ከዚህ በላይ ወዴት ይደርሳል?

ያርጋል፦ ሌላም የሚመጣ ይኖር ይሆን?

መልከ ጼዴቅ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አይደለም። ገብቶኛል። ለምን እንደ መጣን አውቃለች። ያልደረሰው ሥጋው አይደለም፣ ጊዜው ነው። አራት ዓመት አልበቃም፣ የሰው ትራስ ሳይቀዘቅዝ መጣህ ማለቷ ነው። ምን አስቸኮለዎት ስትል አልሰማህም?

ያርጋል፦ እኔ ስለ ሥጋው ያወራች መስሎኝ ነበር።

መልከ ጼዴቅ፦ አንተ ደግሞ ሁሉም ነገር ስለ ሥጋ ይመስልሃል።

ያርጋል፦ አይ፣ እኔማ የምነግርህ ነገር ስላለኝ ነው። በሚኒባሱም ጀምሬው…

መልከ ጼዴቅ፦ በሚኒባሱ ስለ ኮሶዬ ገደል እያስረዳሁህ ነበር። እሱን ሌላ ጊዜ እጨርስልሃለሁ። አሁን ብላ። ሳንበላ ከጠበቅናት የተጨነቅን እንመስላለን።

(አንዱን ስስ ሥጋ በዘንግ ወጋ። ሸሸበት። ደግሞ ወጋ። በመጨረሻ በጣቱ አነሳው፤ ከቀዩ ማባያ ነክሮ ጎረሰ።)

መልከ ጼዴቅ፦ አየህ፣ ቁርጥ ነው። የኮሪያ ቁርጥ። ማባያውም አዋዜ ነው፣ ስኳር ገብቶበት ነው እንጂ። ሰው አገር የተለያየ ይመስለዋል። ብላ እንጂ።

ያርጋል፦ ጥሬ ሥጋ ትቻለሁ። ባለፈው ዓመት ኮሶ አስቸግሮኝ ሐኪሙ ከልክሎኛል።

መልከ ጼዴቅ፦ ኮሶዬ ጎረቤትህ ሆና ኮሶ ትፈራለህ? በኮሪያ ቁርጥ ውስጥ ደግሞ ኮሶ የለም።

ያርጋል፦ በሬው ከኮሪያ ነው የመጣው?

መልከ ጼዴቅ፦ በሬው የዳባት ነው። አቆራረጡ ነው የኮሪያ።

ያርጋል፦ (ቆይቶ) እና ኮሶው አቆራረጡን አይቶ ይወጣል?

መልከ ጼዴቅ ሌላ ቁራጭ ጎረሰ። እውነቱን ለመናገር አልራበውም። እህቱን የሰጠው ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጧል፤ ከማድ ቤቱ የአረጋሽ ሳቅ ይሰማል። ሳቋ ጥሩ ነው። አንድ ጊዜ ዳባት ገበያ ላይ ሰምቶት ነበር፤ ሳቋ ቤቱ ድረስ ተከትሎታል። ዛሬ ግን በእሱ ላይ የምትስቅ መሰለው። ያንን ላለመስማት ስለ ኮሪያ ተራሮች፣ ከዚያም ከባሕር ወለል በላይ ስላላቸው ከፍታ ያስረዳ ጀመር። እያስረዳ ይጎርሳል፣ እየጎረሰ ያስረዳል። ያርጋል ሦስት ጊዜ «እኔ ግን የምነግርህ…» ብሎ ጀመረ። ሦስቱንም ጊዜ ተራራ ከለከለው።

መልከ ጼዴቅ፦ (አላስችል ሲለው፣ ወደ ማድ ቤት) አረጋሽ፣ አሁንስ?

አረጋሽ፦ (ከውስጥ፣ ሳትታይ) አይ፣ ገና ነው።

መልከ ጼዴቅ፦ በቃ። ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። ሂሳብ ከፍለን እንሂድ፤ አንተም ምንም እንዳትናገር። ሰው ሁለቴ እምቢ ተብሎ ሦስተኛ ከጠበቀ… (ቆም ብሎ) ምን እያደረግህ ነው?

(ያርጋል በሳህኑ ላይ የቀረችውን የመጨረሻዋን ቁራጭ ሥጋ ሽቦው ላይ ዘርግቷታል።)

ያርጋል፦ ላሙቃት ብዬ። ቀዝቃዛ ነገር ጥርሴን ያመኛል።

መልከ ጼዴቅ፦ አንሳት። ሰው ያየናል። ለመሞቂያ የተሠራ እሳት ላይ ሥጋ ይዘረጋል እንዴ?

ያርጋል፦ እሷም እየሞቀች ነው።

መልከ ጼዴቅ፦ ሥጋዋ ትጨሳለች፣ ያርጋል።

ያርጋል፦ ትንሽ ትቆይ።

(ቁራጯ ጠርዟ ተሰብስቦ ቸስ አለች። ሽታዋ ቤቱን ሞላው። አረጋሽ እጇን በሽርጧ እያደረቀች፣ ሳትጠራ፣ ከማድ ቤት ወጣች።)

አረጋሽ፦ አሁን ደረሰ። (ሳህኑን አየች) ሌላው ሥጋ የት ሄደ?

ያርጋል፦ በላው።

መልከ ጼዴቅ፦ በላነው። በደንቡ መሠረት።

አረጋሽ፦ ጥሬውን?

(አረጋሽ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ጣሪያው ትንሽ አየች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።)

አረጋሽ፦ መምህር፣ እዚህ ቤት ሥጋው ጥሬውን ይመጣል፤ እንግዳው ራሱ ነው እሳቱ ላይ የሚጠብሰው። ሲደርስ ጥሩኝ ማለቴ ሲበስል ነው።

መልከ ጼዴቅ፦ (ቀስ ብሎ) ገና አልደረሰም ያልሽው…

አረጋሽ፦ ሥጋውን ነዋ። ሽታው ሳይመጣ እንዴት ደረሰ እላለሁ?

ያርጋል፦ እኔም ስለ ሥጋው ነው ብዬው ነበር።

(አረጋሽ መቀሱን አነሳች። የበሰለችውን ቁራጭ አስተካክላ ቆረጠቻት። መልከ ጼዴቅ ሪባኑን አሰበና ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። እሷ ቅጠል ዘርግታ፣ ሥጋዋን አስቀምጣ፣ ማባያ ጨምራ ጠቀለለችና ለያርጋል አጎረሰችው።)

አረጋሽ፦ ይሄ ለጠበሰው።

መልከ ጼዴቅ፦ ቅጠሉ ደግሞ… (አንገቱን ነቀነቀ) አይ፣ ይሄን እንኳ አውቄ ነበር። ብቻ ኮሪያ ውስጥ እንደየክፍለ ሀገሩ ስለሚለያይ…

(አረጋሽ ሌላ ቅጠል አነሳች። ሥጋ አልቋል። ቅጠሉን ከጎመኑና ከማባያው ጋር ጠቅልላ፣ እሱ ገና «ስለሚለያይ» እንዳለ፣ አፉ ውስጥ ከተተችው። ትልቅ ጉርሻ ነበር። መልከ ጼዴቅ ዓይኑ ፈጠጠ፤ አፉ ሞልቶ ቃል አላወጣም።)

ያርጋል፦ (ውጦ፣ ወደ አረጋሽ) አሁን ልንገረው?

አረጋሽ፦ እስካሁን አልነገርከውም?

ያርጋል፦ መግቢያ አጣሁ። (ወደ መልከ ጼዴቅ ዞሮ፣ ጉሮሮውን ጠረገ) አንተ ያኔ «ቅዳሜ ሲደርስ ጠይቅልኝ» አልከኝ። ቀድሞ የደረሰው ያለፈው ቅዳሜ ነበር። መጥቼ ጠየቅኋት።

(መልከ ጼዴቅ ማኘኩን አቆመ።)

ያርጋል፦ እህቴ ከሱ ጋር ስትኖር ሆዷ ሁልጊዜ ሙሉ ነበር ብልሽ እዋሻለሁ፤ ግን ሳቅ አጥታ አታውቅም አልኳት። ስለ አየሩም ነግሬያታለሁ። ይበርዳል አልኳት። እሷም «እውነት ነው፣ ለብቻ ሰው ይበርዳል» አለችኝ። ከዚያ እሺ አለች። ለምሳ ይዘኸው ና ያለችኝም እሷ ናት።

(መልከ ጼዴቅ በሞላ አፉ አንድ ነገር ሊል ሞከረ። «ለም» የሚመስል ነገር ወጣ፤ ከጎመን ጋር።)

አረጋሽ፦ ዝም በልና አኝክ።

«ዝም በል» ነው ያለችው። «ዝም ይበሉ» አላለችም፤ «መምህር»ም አላለችም። መልከ ጼዴቅ ይህን ያስተዋለው ትንሽ ቆይቶ ነው፤ ሲያስተውል ግን ጆሮው ድረስ ሞቀው። አራት ዓመት ሙሉ ማንም አንተ ብሎ ዝም አሰኝቶት አያውቅም። አኘከ። ጎመኑ ይኮመጥጣል፣ ማባያው ይጣፍጣል። አስተናጋጇ ሌላ ሳህን ጥሬ ሥጋ አምጥታ አስቀመጠች። አረጋሽ ሥጋውን አንድ በአንድ ሽቦው ላይ ትዘረጋ ጀመር።

መልከ ጼዴቅ የሚያስረዳው ነገር አልመጣለትም። እጁን የሚያደርግበት ስላጣ፣ ከሥጋው ጎን፣ ከእሷ እጅ አጠገብ፣ እሳቱ ላይ ዘረጋው።

ያርጋል፦ (አይቶት፣ ብዙ አስቦ) ለካ ለመሞቂያም ነው።