አባቴ ደንበኛዬን በቻይና መኪና ወሰደብኝ

ጎበዝ፣ የዛሬውን ጉዴን ብነግራችሁ "ይቺ ልጅ ከራሷ ፈጥራ ነው" ትላላችሁ። ፊቴ እስካሁን እንደጋለ ነው!

እንደምታውቁት እዚህ ጅቡቲ፣ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ የአውሮፓ ኤሌክትሪክ መኪና እሸጣለሁ። ሉክሸሪ! መሸጥ ስል ማሳየት ማለቴ ነው። ከተቀጠርኩ ጀምሮ አንድም አልሸጥኩም፤ ሰዉ ሁሉ ርካሹን የቻይና እየገዛ ነው። አለቃዬ ትናንት "መዳም ሆዳን ካልገዙ ሌላ ሥራ ፈልጊ" ብሎኛል።

መዳም ሆዳን ሀራሙስ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ቪላ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ስንት ለምኛቸው ነው ዛሬ ለቴስት ድራይቭ የመጡት።

ደግሞ ሌላ ጣጣ አለብኝ። አባቴ በቅርቡ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። እኔን ሳያማክር! ቀለሟ ቢጫ ስለሆነ ሎሚ ብሎ ይጠራታል።

"አባባ፣ በእናትህ በእሷ ሱቁ ጋ እንዳትመጣብኝ" አልኩት።

"ችግር የለም ልጄ" አለ። ከዚያ ወዲህ ሎሚን ራቅ አድርጎ አቁሞ ምሳዬን በእግሩ ያመጣልኛል።

ወደ ዛሬው ልመለስ። ሀራሙስ፣ ባሕሩ ዳር ደርሰናል። መዳም ፈገግ ብለዋል። "እስቲ ከውጭ ልየው" አሉ። ወረድን፣ በሩን ዘጋሁት።

ስልኬ መኪናው ውስጥ ቀረ።

የመኪናው ቁልፍ ደግሞ ስልኬ ነው! የበሮቹ እጀታዎች ወደ ውስጥ ሹልክ ብለው ገቡ። ዙሪያውን እየዞርኩ በጥፍሬ ብቧጭር ወይ ፍንክች።

"ይሄን ያህል ተከፍሎበት እጀታ የለውም?" አሉ መዳም።

ቀትር ነው። የጅቡቲ ቀትር! ሱቁ ተዘግቷል፣ አለቃዬ ጫቱን ይዞ ጋደም ብሏል። ትርፍ ቁልፉ እኛ ቤት ነው። መዳም ስልካቸውን ሰጡኝ፤ በቃሌ የማውቀው ቁጥር ግን የአባቴን ብቻ ነው። እስቲ እናንተስ የስንት ሰው ቁጥር በቃላችሁ ታውቃላችሁ?

ደውዬ ቁልፉን እንዲያመጣልኝ ነገርኩት። "በታክሲ ና" ልለው ፈልጌ ነበር፤ መዳም አጠገቤ ቆመው እንዴት ልበል?

መጣ። በሎሚ!

"ኢስካ ዋራን፣ መዳም!" ብሎ በሶማልኛ ሰላም አላቸው። "በዚህ ፀሐይ? ግቡ፣ ግቡ!"

ገቡ። ውስጧ ቀዝቃዛ ነው። ከወንበሮቹ መሃል ካለው ፍሪጅ ውሃ አውጥቶ ሰጣቸው። አዎ፣ ፍሪጅ አላት!

እኔ ባመጣልኝ ቁልፍ ከውጭ ከመኪናዬ በር ጋር ስታገል እሱ ስለ ባትሪ ያስረዳል። "በሙቀት ጊዜ እስከ ጫፍ አይሞሉትም፣ መዳም..." ቃል በቃል የእኔ ንግግር! ዋጋዋን ጠየቁት፣ ነገራቸው።

"ብቻ?" አሉ መዳም።

በዚያው ቤታቸው አደረሳቸው። እንደ ሎሚ ያለች አንድ ለራሳቸው፣ አንድ ለልጃቸው ሊያዝዙ ነው አሉ።

ሲመለስ ጮህኩበት። "ምነው አባባ! እንጀራዬን?"

አንገቱን ደፋ። "ይቅር በይኝ ልጄ። ያንቺን ነበር መግዛት የፈለግኩት፣ አቅም አነሰኝ። እራት ላይ ስለ ባትሪ ስታወሪ ዝም ብዬ ከማይሽ አብሬሽ ላውራ ብዬ ነው ይቺን የገዛሁት። ዛሬ ደግሞ ሰው ሲጠይቀኝ እንዳንቺ ማስረዳት አማረኝ።"

አለቀስኩ፣ እዚያው መንገድ ዳር። ምሳዬን ይዞ በዚያ ፀሐይ በእግሩ ሲመጣ የከረመው ትዝ አለኝና በራሴ አፈርኩ።

ነገ በሎሚ ሱቁ በር ድረስ ያደርሰኛል፣ ተስማምተናል። አለቃዬ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ።

ግን ሳስበው እኔ ሰነፍ ሻጭ አይደለሁም! አባቴን እራት ላይ አሳመንኩ፣ አባቴ መዳምን አሳመነ። ሁሉም የገዙት የተፎካካሪዬን መሆኑ ነው እንጂ!

እና ምን ትመክሩኛላችሁ፣ ለቻይኖቹ ሲቪዬን ልላክ ወይስ መጀመሪያ አባቴን ይቅጠሩት?