የጾም ከበሮ

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ብሎ የተረተው ሰው በእኔ ግምት የላሊበላ ሰው አይደለም። ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ትሕትና ከአፉ አይወጣም ነበር። እኛ ዘንድ ከበሮ በሰው እጅ ሲሆን አያምርም፤ ይተቻል። መቺው ገና ክንዱን ሳያነሣ «ዘገየ» የሚል አለ፤ ካነሣ በኋላ «ፈጠነ» የሚል አለ፤ ሲጨርስ ደግሞ «የድሮ መቺዎች ቀሩ» ብሎ የሚያዝን አይታጣም። ይኸው አዛኝ የድሮዎቹንም በዘመናቸው ቁጭ ብሎ ሲያማ የኖረ ነው።

አመሉ ለማኅሌቱ ከበሮ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ማኅሌቱንስ ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ሲሰማ ያደገ ሰው ነውና ቢፈርድም ያምርበታል። እኔን የሚገርመኝ የሬጌው ነው። ጃማይካ በየት በኩል እንደሆነች ብትጠይቁን ግማሾቻችን በጋሸና በኩል እንሰዳችኋለን። የሬጌ ከበሮ እንዴት መመታት እንዳለበት የጠየቃችሁን እንደሆነ ግን ስንቅ ይዛችሁ ኑ፤ ቶሎ አንለቃችሁም።

ወገኖቼን ሳማ ራሴን አልደብቅም፤ እኔም አስጎብኚ ነኝ። አስጎብኚ ደግሞ «አላውቅም» የሚባል ቃል አልፈጠረበትም። እንግዳ ጣቱን ወደ አንድ ቀዳዳ ቀስሮ «ይህ ምንድን ነው?» ካለ መልስ እዚያው ይወለዳል፤ ቀዳዳው ዝናብ የቦረቦረው ቢሆንም ምሥጢር ይገኝለታል። እንግዳ በሚጎርፍበት ዘመን ይህ ችሎታችን ቦታ ቦታው ላይ ይውላል። እንግዳ ሲጠፋ ግን፣ ሰሞኑን እንደምናየው ማለቴ ነው፣ የተጠራቀመው ማብራሪያ አንድ ቦታ መፍሰስ አለበት። የፈሰሰውም ታደለ ላይ ነው።

ታደለ እትዬ ስንዱ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ሬጌ የሚመታ ልጅ ነው። የእትዬ ስንዱ ቤት ምግብም መጠጥም ያለበት፣ ከአፋፉ ላይ ቁልቁል ሸለቆውን የሚያሳይ ቤት ነው። ማንደፍሮ ይዘፍናል፤ ታደለ ከኋላው ሆኖ ይመታል። ድራሙ ድራም ነው እንዳልል ግማሹ ከበሮ ነው፤ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣለት የበሬ ቆዳ የተወጠረበት፣ ራሱ ያሠራው ትልቅ ከበሮ ነው። አባቱ የገነተ ማርያም ቄስ ናቸው፤ ቄስም ገበሬም። «እስከ ሰኔ ያዋጣህ እንደሆነ አየዋለሁ፤ ካላዋጣህ መጥተህ እርሻህን ታርሳለህ» ብለውታል። ታደለ ደግሞ ሞፈር ገና ከሩቅ ሲያይ ወገቡን ያመዋል። ከበሮዋን ሙጥኝ ያለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሁዳዴ ገባ። እንደምታውቁት በሁዳዴ ከበሮ አይመታም፤ ካህናቱ ከበሮውንም ጸናጽሉንም አስቀምጠው በመቋሚያ ብቻ ነው የሚዘምሙት። ቤተ ክርስቲያኑ ከበሮውን ካስቀመጠ መሸታ ቤቱ ምን ቆርጦት ይመታል? ስለዚህ በየዓመቱ እትዬ ስንዱ ቅዳሜዋን ትዘጋለች፤ ታደለም እስከ ፋሲካ አባቱን ሊያግዝ አገሩ ይገባል። ዘንድሮም ገባ። ማንደፍሮ ግን አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ አንዲት ማሽን በብብቱ ይዞ መጣ። ቁልፍ ሲጫኗት ከበሮ ትሆናለች፣ ጭብጨባ ትሆናለች፣ ሲያሰኛት እንደ ጠርሙስ ትንኳኳለች።

«በጾም እኮ ነው» አለችው እትዬ ስንዱ። ማንደፍሮ መልሱን አሰናድቶ ነው የመጣው። ቆዳ የላት፣ ጠፍር የላት፣ ከከብት ያገኘችው አንዳች ነገር የለ፤ ስለዚህ የጾም ናት። የጾም ኬክ ካለ፣ የጾም ማኪያቶ ካለ፣ የጾም ከበሮ ሲመጣ ምን ያስደነግጣል?

ሴትዮዋ እግዜርን ፈሪ ናትና መርጌታ ይጠየቁልኝ አለች። የተላክነው እኔና ሙላው ነን። ሙላው ፀጉሩን ድሬድ ያደረገ የሙያ ባልደረባዬ ነው፤ በሬጌ ጉዳይ ይግባኝ የሌለው ችሎት እሱ ነው። መርጌታ ጨዋታችንን በትዕግሥት ሰምተው፣ «ቆዳ ከሌለው ከበሮ አይደለም፤ ጾሙ የሚከለክለው ግን ጭፈራውን ጭምር ነው፤ ይህን ለሴትዮዋ ንገሩልኝ» አሉን። ዳገቱን ስንወጣ አፍ የሆነው ሙላው ነበርና ለእትዬ ስንዱ የደረሳት የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው። ሁለተኛው ግማሽ እንግዲህ ዳገቱ ከብዶት መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል።

የዚያ ሁዳዴ ቅዳሜዎች ጉድ ነበሩ። ቤቱ ጢም ይላል፤ ሽሮ ይበላል፤ ማሽኗ ትመታለች፤ ሰውም ማሽኗን ይሰድባል። ሙላው ሬጌ ማለት የልብ ትርታ ነው፣ ልብ ደግሞ ሥጋ እንጂ ፕላስቲክ አይደለም አለ። ሌላው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ነው የመሰለኝ አለ። እኔ እንኳ ነገር ላለዝብ ብዬ፣ ጃማይካኖቹ ራሳቸው በኤሌክትሮኒክ ከበሮ መጫወት ከጀመሩ ስንት ዘመናቸው አልኩ። ሙላው የተበላሹት ያን ጊዜ ነው አለኝ። ጃማይካን ከጃማይካኖች የሚያድን ሰው እዚህ ዳገት ላይ መገኘቱ መቼም የእግዜር ሥራ ነው። ሁሉም የሚስማማው በአንድ ነገር ነበር፤ ታደለ ይምጣና ከበሮ እንሰማለን። ይህን እያሉ በአንገታቸው ማሽኗን ይከተሏታል። አፋቸው ሲረግም ጭንቅላታቸው ይነቀንቃል፤ እንዲህ ያለ አድማጭ ሌላ አገር አለ ወይ?

ፋሲካ ደረሰና ታደለ መጣ። ሳሙት፣ ጋበዙት፣ «አሁን ቤቱ ቤት ሆነ» አሉት። ልጁም ሁለት ወር ሙሉ እጁ ሲበላው ከርሞ ኖሮ፣ ደስታው እስኪያስታውቅ መታ። ወዲያው ሙላው ቅንድቡን ሰበሰበ። «ይፈጥናል» አለኝ በጆሮዬ። እውነት ነው፤ ይፈጥናል። ታደለ ማንደፍሮ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ደስ ይለውና ይፈጥናል፤ ድሮም ይፈጥን ነበር፤ ድሮ ግን እኛም አብረነው እንፈጥን ነበር። አሁን ጆሯችን ማሽኗን ለምዶ ኖሯል። ወሬው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ፦ ልጁ ገጠር ከርሞ እጁ ሻከረ፣ አይረጋም፣ እንደ ማሽኗ አይሆንም። ይህን የሚሉት እነዚያው በረዶ ነው፣ ፕላስቲክ ነው ሲሉ የከረሙት ናቸው። ሰው አስተያየቱን ሲለውጥ የድሮውን ማን ነበር ያለው ብሎ አይጠይቅም።

እትዬ ስንዱ ልቧ አልቻለም። ታደለን እንዳታባርረው እንደ ልጇ ነው፤ እንዳታስቀምጠው ደንበኛው ያጉረመርማል። ያን ጊዜ ነው ማንደፍሮ ብልሃት ያመጣው። የታደለን ምት አንድ በአንድ ቀድቶ ማሽኗ ውስጥ ይከታል፤ ድምፁ የታደለ፣ እርጋታው የማሽኗ ይሆናል። «እጅህ ካለበት አንተም አለህበት ማለት ነው» አለው። ልጁ አመነ። እጁ የገባባት ማሽን ያለ እሱ ወዴት ትንቀሳቀሳለች ብሎ ነው መሰለኝ፣ አባቱ ዘንድ እንኳ ሥራዬ ጸና ብሎ ላከባቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚሉት ይህንን ነው።

ሲቀዳ እኔም ነበርኩ። ወፍራሙን አንድ ጊዜ መታ፣ ቀጭኑን አንድ ጊዜ መታ፣ ጠርዙን ነካ። ማንደፍሮ «ይበቃል» ሲለው ደነገጠ፤ ገና ማሟሟቁ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረው ሙያ ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ ተቀድቶ አለቀ። እሱ ግን ድምፁን ከማሽኗ መልሶ ሲሰማ እንደ ሕፃን ሳቀ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ ቤቱ ሞላ። ለታደለ የሚሆን መቀመጫ መድረኩ ላይ አልነበረም፤ ማሽኗ ጠረጴዛ አስፈልጓት ወንበሩ ተነሥቷል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። መጥቶ በእኔና በሙላው መካከል አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ቸግሮት ጭኖቹ መካከል ከተታቸው። ማንደፍሮ ማይኩን ይዞ «ዛሬ ከበሮ ላይ ታደለ ነው» ብሎ አስተዋወቀ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሁሉም ያጨበጨበው ወደ ማሽኗ ዞሮ ነው።

መምታት ጀመረች። ለእውነቱ ከሆነ ታምራለች፤ የታደለን ወፍራም ድምፅ ታወጣለች፣ አትፈጥንም፣ አትዘገይም። ሙላው ዓይኑን ጨፍኖ ሲሰማ ቆየና፣ በሙሉ ፍቅር እጁን ታደለ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ።

«ከበሮ ማለት ይህ ነው» አለው። «አቦ፣ አንተ እንዲህ ብትመታ ኖሮ ማን ይነካህ ነበር?»

ታደለ ጥቂት ከሰማ በኋላ ወደ እኔ ዘንበል አለ።

«አያ፣ ነገ የገነተ ማርያም መኪና በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?»

በማለዳ ነው ልለው አፌን ስከፍት ሙላው ዓይኑን ሳይገልጥ ክንዴን ያዘኝ።

«እስቲ ዝም በሉ» አለን፣ «ታደለን እንስማበት።»