ነብሩ ላይ ማን ይቁም?

(የሙዚየም ጓዳ። አንድ የጀሶ ነብር፣ ከሥሩ የተጋደመ የጀሶ የጥንት ሰው። ጠረጴዛ ላይ በቁፋሮ የተገኙት የሰውዬውና የነብሩ አጥንቶች ተዘርግተዋል። አስጎብኚው መዶሻ ይዟል፤ ቀራጺው ሥራውን በገላው ከልሎ ቆሟል።)

አስጎብኚ፦ ሰውዬውን አንሳና እግሩን ነብሩ ላይ ጫንለት አልኩህ!

ቀራጺ፦ እንዴት አድርጎ ይጭናል? እየተበላ እኮ ነው።

አስጎብኚ፦ ማን? አያታችን? አፍህን ያዝ! ነብር ገዳይ ነው ብዬ ለኃላፊው ምዬ ተገዝቼ ነግሬያለሁ። ነገ ከነእንግዶቻቸው መጥተው ይሄን ካዩ እንጀራዬ ተዘጋ ማለት ነው።

ቀራጺ፦ እኔ የራስ ቅሉ ላይ ያየሁትን ነው የሠራሁት። ሁለት ቀዳዳ አለው።

አስጎብኚ፦ የጦር ቁስል ነዋ!

ቀራጺ፦ ሁለቱም? ጎን ለጎን?

አስጎብኚ፦ ጦሩ መንታ ነበር። አንተ ምን ታውቃለህ?

ቀራጺ፦ እውነትህን ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ። (አብሮ የተገኘውን የነብር መንጋጋ አንስቶ ክራንቻዎቹን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይከታል) እንዴት ልክክ እንዳለ ግን እየው።

አስጎብኚ፦ እሱማ... ነብሩ ሲሞት ላዩ ላይ ወድቆበት ነው።

ቀራጺ፦ የነብሩ አጥንት ላይ አንዲት ጭረት የለችም እኮ።

አስጎብኚ፦ ተጠንቅቆ ነዋ የገደለው! የጥንት ሰው እንዳንተ ዝርክርክ መሰለህ?

ቀራጺ፦ ታዲያ የሰውዬውን አጥንት ማን ቆረጣጠመው?

አስጎብኚ፦ ጅብ! በስተርጅና፣ አልጋው ላይ ከሞተ በኋላ!

ቀራጺ፦ አልጋ ነበራቸው እንዴ? ደግሞ የኋላ መንጋጋ ጥርሱ ገና አልበቀለም። ጎረምሳ ነው።

(አስጎብኚው መዶሻውን አስቀምጦ ይቀመጣል።)

አስጎብኚ፦ እሺ፣ ተበላ እንበል። ግን እስቲ ፍረደኝ ወንድሜ፤ እንግዶቹ ፊት ቆሜ «አያታችሁ የነብር ቁርስ ነበር» ልበል? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አይሻልም?

ቀራጺ፦ እሱ አያታችን ነው ያለህ ማነው? ሳይወልድ እኮ ነው የተበላው።

አስጎብኚ፦ (ፊቱ በርቶ) ተመስገን! ታዲያ አያታችን የታለ?

ቀራጺ፦ ያውልህ።

(ጥግ ያለውን ጨርቅ ይገልጣል። ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የተወሸቀ ሌላ የጀሶ ሰው፣ አፉን በሁለት እጁ ከድኖ ያያል።)

አስጎብኚ፦ ይሄ ፈሪ? ጓደኛው ሲበላ ትንፍሽ ያላለው?

ቀራጺ፦ እሱ ነዋ! በሰላም ቤቱ ገባ፣ «ነብር ገደልኩ» ብሎ ሚስት አገባ፣ ወለደ። ልጆቹም ይኸው እስከ ዛሬ ለየኃላፊው ይምሉለታል።