ማግኔቱን ያስገለበጡት ጋሼ ድገሚው

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሰው ደስ ሲለው የሚያማቸው የሚመስሉ አንድ ሽማግሌ አይጠፉም። እናንተ ጨርሰን ተገላገልን ስትሉ፣ እሳቸው ገና ሊጀምሩ ነው። የቤተ ሙከራው ክቡር ቴክኒሻንም ወላጅ ያወጣላቸው ስም ተረስቶ፣ ጋሼ ድገሚው ነበር የሚባሉት።

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር ይፈልጋሉ፤ ሲያገኙት የሰው ውጤት ላይ ያፈጣሉ። "ጥሩ ነው። ድገሚው።" ቴርሞሜትሩን በሌላ ቴርሞሜትር ይለኩታል። ሻዩ ትኩስ ነው ቢባሉ አያምኑም። ፕሮፌሰሩ ዛሬ ልደቴ ነው ቢሏቸው፣ "በምን አረጋገጡ?" ብለው ቁጭ አሉ።

ዛሬ የቤተ ሙከራው ኃላፊ የሆነችው ሴት ያኔ ተማሪ ነበረች። የምታጠናው፣ ሙቀት በሆዱ ሳይሆን በቆዳው ላይ ይሄድበታል የተባለ መግነጢሳዊ ክሪስታል ነው። ክሪስታሉን በማቀዝቀዣ ማሽን ውስጥ፣ ከትልቅ ማግኔት ሥር አድርጋ ሦስት ዓመት ለፍታ፣ ሙቀቱ በገጹ ላይ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል አየች። መመረቂያዋ ይኸው ነበር። ጽሑፉ ሊላክ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ እናቷም ለጎረቤት ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

"ማግኔቱን ገልብጠሽዋል?" አሏት።

"ጋሼ፣ ማሽኑን ከፍቶ እንደገና ማቀዝቀዝ ሳምንት ይፈጃል እኮ።"

"ማግኔቱ ሲዞር ሙቀቱም ጎን ካልቀየረ፣ የክሪስታሉ ሥራ አይደለም። ድገሚው፣ ልጄ።"

በልቧ እየረገመቻቸው ገለበጠችው። ሙቀቱ ከቀድሞው ጎን ፍንክች አላለም። ለካ በክሪስታሉ ገጽ ሳይሆን፣ በሙጫ በተጣበቀችው የቴርሞሜትር ሽቦ ሾልኮ ነው የሚሄደው። የሦስት ዓመት ልፋት ገደል ገባ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ አጠገቧ ተቀመጡ።

"እኔ በአንቺ ዕድሜ ተመራማሪ ነበርኩ፤ አልገለበጥኩም" አሏት። "ታተመልኝ፣ ተጨበጨበልኝ። ከዓመታት በኋላ ለብቻዬ ብገለብጠው ሽቦ ነበር። ማንም አላወቀብኝም። እኔ ግን አወቅሁ፤ ምርምሩንም ትቼ መፍቻ ያዝኩ።"

እውነተኛውን ለማግኘት ሌላ ሁለት ዓመት ፈጀባት። ከቀድሞው መቶ እጥፍ ያነሰ ነው፤ ማግኔቱ ሲዞር ግን አብሮ ይዞራል። ያን ቀን ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ምስጢራቸውን ለማንም አላወጣችም። ተማሪዎቿ ውጤት ይዘው እየሮጡ ሲመጡ፣ ሳይታወቃት በሩን ታያለች፤ የሚገባ ሰው የለም። ያኔ ነው እንዲያ የረገመቻቸው ሰውዬ የሚናፍቋት።