ኮከብ ያላት ፊርማዬ በኦቦ ደበላ ደብተር ላይ

ዛሬ የሆንኩትን ከሌላ ሰው አፍ ሰምታችሁ ከምትስቁብኝ እኔው ልንገራችሁ። አምቦን ታውቋታላችሁ፤ ወሬው ነገ ጠዋት ጉደር፣ ከሰዓት ጌዶ ነው።

ለማያውቀኝ፦ ሥራዬ የኮንትራት ነው። በከተማው ያሉ ጋራዦችን፣ ላውንደሪዎችንና ፀጉር ቤቶችን እየዞርኩ ምን ኬሚካል እንደሚጠቀሙ፣ የተረፈውን የት እንደሚደፉ ፎርም እሞላለሁ። ኮንትራቱ በዚህ ወር ያልቃል። ሁለት ሴቶች ነን፤ የምትቀጥለው አንዷ ብቻ ናት።

እና ዛሬ አለቃችን አዴ ጫልቱ አብረውኝ ሊወጡ ሲሉ የት ልውሰዳቸው?

ኦቦ ደበላ ጋራዥ!

ከሁለት ሳምንት በፊት እዚሁ ገጽ ላይ ስለ ወንዛችን "ሁሉቃን የሚገድሏት እነማን ናቸው?" ብዬ፣ ጥቁር ዘይት የሞላባቸው ጄሪካኖች ፎቶ ለጥፌ ነበር አይደል? ስም አልጠራሁም። የጋራዡ ሰማያዊ በር ግን ከኋላ ይታያል። ምን ላድርግ፣ በሩ ትልቅ ነው።

ወንዝ ውስጥ ሲደፉ አይቻለሁ? አላየሁም። ግን ጄሪካኖቹ ሰኞ ሞልተው አርብ የሉም፣ ወንዙ ደግሞ እዚያው ሥር ነው። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም ብዬ ነበር።

አልገባሁም።

ብቻ ደረስን። አዴ ጫልቱ መቀመጫ ተሰጣቸው። እኔ ቆሜ፣ ፎርሜን ዘርግቼ፣ የዜና አንባቢ ድምፅ አውጥቼ፣ "የተቃጠለውን ዘይት የት ነው የሚደፉት?" አልኩ።

"አንደፋም" አሉ ኦቦ ደበላ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። "ሰው ይወስደዋል።"

"ማን?"

ልብ በሉ፣ "ማን?" ያልኩት እኔ ነኝ። ያስገደደኝ የለም።

ከመፍቻው ሳጥን የተማሪ ደብተር አወጡ። ያ ፎቶ ከወጣ ወዲህ ዘይት የሚወስደውን ሁሉ ስሙን ጽፈው ያስፈርማሉ፤ ደንበኛ ሲጠይቃቸው የሚያሳዩት እንዲኖራቸው። የወንጪ መንገድ ሁለት ሚኒባሶች በዚያ ፎቶ ምክንያት እንደቀሩባቸውም ተናገሩ። ሲናገሩ ወደኔ አላዩም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

አዴ ጫልቱ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። አንድ ገጽ ላይ ቆሙ። ከዚያ ፎርሜን ከእጄ ወሰዱ። ታች ያለችውን ፊርማዬን አዩ። ደብተሩን አዩ። እንደገና ፎርሙን።

ፊርማዬ መጨረሻዋ ላይ ኮከብ አላት። ዘጠነኛ ክፍል ሙሉ ሴሚስተር ተለማምጄ ያገኘኋት ናት። እንደሷ ያለች አምቦ ውስጥ የለችም።

ደብተሩ ላይ ነበረች! ሁለት ጄሪካን፣ ያለፈው ቅዳሜ።

የላከኝ አባዬ ነው። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ የባህር ዛፍ አጥራችንን ምስጥ እንዳይበላው በተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል። እናንተም ቤት ይቀባል፣ አትዋሹ። እኔ ጭንቅላት ውስጥ ያ የአጥር ዘይት ነው፤ መርዝ የሚባለው ሰው ጋራዥ ውስጥ ያለው ነው። ሲያስፈርሙኝ ቀና ብዬም አላየሁም። ስልኬ ላይ ነበርኩ።

ስልኬ ላይ ምን? የዚያው ፖስት ኮሜንት ላይ! "በርቺ እህታችን" ላላችሁኝ ሁሉ ልብ እየላኩ።

አዴ ጫልቱ አልተቆጡም። ከአጥራችሁ በታች ምን አለ ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ቦይ፣ አልኩ።

"ዝናብ ሲመጣ ቦዩ የት ይሄዳል?"

"ሁሉቃ" አልኩ፣ ለጫማዬ።

"በይ ጻፊው።"

ጻፍኩት። ዘይቱ የሚሄድበት ቦታ፦ የኛ ቤት። በራሴ እስክሪብቶ።

ከዚያ ኦቦ ደበላን አመሰገኑ። እስካሁን በከተማው ካየነው መዝገብ የሚታመነው ይሄ ነው፣ ሌሎቹም ጋራዦች እንዲህ ይያዙ አሉ። ፎቶ ኮፒ ልታስደርግ የሮጠችው ማን ናት? የኔን ኮንትራት በተመለከተ፣ ደብተሩ ላይ የፈረሙትን ቤቶች በሙሉ ዞሬ ካስረዳሁ በኋላ እንደሚታይ ነገሩኝ። ከቤትሽ ጀምሪ ብለው።

ደብተሩን ስመልስ ኦቦ ደበላን ይቅርታ ጠየቅኩ። ፖስቱን አሁኑኑ አጠፋዋለሁ አልኳቸው።

"አታጥፊው፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ እንዲያ ካደረግኳቸው በኋላ። "ያንን ያየ ሰው የዛሬውንም ይየው። ጻፊው። በሩንም አሳዪ።"

ይኸው ጻፍኩት። ፎቶው ላይ ያለው ሰማያዊ በር የእሳቸው ነው። የወንጪ መንገድ ሹፌሮች፣ ሰውዬው ወንዝ ውስጥ አልደፉም። ተመለሱላቸው።

ቤት ገብቼ አባዬን ያ ዘይት ይቁም ስለው "ማን አመጣው?" አለኝ። አሁን ብሩሹን ይዞ ግማሽ የተቀባ አጥር ሥር ቆሟል፤ ታዲያ በምን ልቀባው እያለኝ።

ምስጥ የሚጠላው፣ ሁሉቃን የማይጎዳ ነገር የምታውቁ፣ ኮሜንት ላይ ጣሉልኝ። ነገ የማንኳኳው በር ሁሉ ይህንኑ ነው የሚጠይቀኝ።

ሼርም አድርጉት። ያኛውን አድርጋችሁት የለ?